ከአባታቸው ከአቶ…

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከጊዮርጊስ በስተጀርባ፣ ፈረሳው ካልደረሰባቸው ጥቂት ግቢዎች በአንዱ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ለቀስተኛው ይገባል፣ ይወጣል። ፅናት ግን ድንኳኑ ውስጥ የለችም። ትናንት አባቷ ያረፈበት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ ወረቀት ዘርግታለች። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድትጽፍ የጠየቋት የእድሩ ጸሐፊ ጋሼ ሚልክያስ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ስለሆኑና ድምፃቸው ስለሚያምር የሰፈሩን ሟች ሁሉ ታሪክ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው።

«ፅኑ፣ አንቺ እያለሽ ሌላ ሰው ይጻፈው?» ብለዋት ነበር። «ብቻ አደራ፣ አጭር ይሁን። ባለፈው የአንዱን ሳነብ ዝናብ መጣና ሟቹ ገና ጡረታ ሳይወጣ ሕዝቡ አለቀብኝ።»

ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም።

ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ሥራዋ የሰው ስም ነው። የአባቱ ስም በአንዱ ማስረጃ እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ የሆነበት ተማሪ መጥቶ ሲለምናት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ እስኪመጣ ድረስ አንዲት ፊደል አትነካም። አልቅሰውባት የሄዱ አሉ። አልተጸጸተችም፤ ሰው የገዛ አባቱን ስም እንዴት ሁለት ያደርጋል?

እዚህ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ ከማንም በላይ ታውቃለች። ሰው ሲወልድ ስሙ ከልጁ ስም ቀጥሎ ይቆማል። ልጁ ሲወልድ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ቦታ ስለሌለው ስሙ ይወድቃል። እሷ ፅናት እሸቴ ወልደጊዮርጊስ ናት። ልጅ አልወለደችም። የአባቷም የአያቷም ስም በእሷ ላይ እንደሚያበቃ ዛሬ ጠዋት፣ እስክርቢቶዋን ስታነሣ ነው የገባት።

የአጻጻፉን ደንብ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት እዚህ ቦታ ተወለዱ ይባላል። «ከአባታቸው ከአቶ ወልደጊዮርጊስ» ብላ ሳታስብ ጻፈች። ቀጥላ የት እንደተወለደ ልትጽፍ ስትል እጇ ቆመ። አባቷ የት እንደተወለደ አታውቅም። የእናቱን፣ የሴት አያቷን ስምም አታውቅም።

እሸቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ፒያሳ፣ ወርቅ ቤቶቹ መካከል በተሰነቀረች አንድ በር ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ኮት ሲሰፋ ኖሯል። ማንም ሳይጠይቀው፣ በሚሰፋው ኮት ሁሉ የውስጥ ኪስ ላይ የባለቤቱን ስም እስከ አያቱ በነጭ ክር ይጠልፍ ነበር። ፅናት ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው ቁጭ ብላ ያደመጠችው ክርክር አሁንም በጆሮዋ አለ።

«የአባቴ ብቻ አይበቃም፣ ጋሽ እሸቴ?»

«አይበቃም። ኮትህን ኬክ ቤት ረስተህ ብትወጣ፣ በዚህ ከተማ ስንት ሞክሼ አለህ? ለየትኛው ይስጡት?»

«እሺ፣ የእርስዎ አያት ማን ይባላሉ?»

«እኔ ኮት የለኝም» ይልና ይስቃል። ቤቱ ሁሉ ይስቃል። እውነትም ለራሱ አንድም ኮት ሳይሰፋ ሞተ።

በሩ ተንኳኳ። የገባው ሙስዓብ ነው። ከወልቂጤ እየመጣ ሱቅ የሚዘልቅ፣ አባቷ «ደንበኛዬ» የሚለው ነጋዴ መሆኑን ታውቃለች። ዓይኑ ቀልቷል። አጠገቧ ያለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ።

«እህቴ፣ ታሪኩን የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ።»

«የአባቱን ስም እንዳትረሺው ብዬ ነው።»

«እንዴት እረሳለሁ? የራሴም ስም እኮ ነው። ወልደጊዮርጊስ።»

ሙስዓብ መሬት መሬት አየ። «እሳቸውማ ያሳደጉት ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። የወለደው ኢስማኤል ነው። የእኔ አያት።»

«ማስረጃ አለህ?» አለች። ቃሉ ካመለጣት በኋላ አፈረች።

እሱ አልተቀየመም። የለበሰውን ኮት አውልቆ ገበሩን ገለጠላት። ሙስዓብ ተማም ኢስማኤል ይላል፣ በነጭ ክር። የአባቷን ጥልፍ ከየትኛውም ጥልፍ ለይታ ታውቀዋለች።

«ይህን ሲሰፋልኝ ‹የአያትህ ስም ማነው?› አለኝ። ‹አጎቴ፣ ታውቀው የለ እንዴ?› ስለው ‹አውቃለሁ፣ ግን ካንተ አፍ ልስማው› አለኝ። ስነግረው ‹ድገመው› ይለኛል። ስደግመው ‹አንዴ ጨምር›።» ሙስዓብ ኮቱን መልሶ አጠለቀ። «አባቴ ተማም በአባት ወንድሙ ነው። የአጎቴ እናት ብርነሽ ግን ክርስቲያን ነበረች፣ እሱም በእሷ ሃይማኖት ቀረ። እሸቴ ያለችውም እሷ ናት፣ በእሸት ወራት ስለወለደችው። እኛ ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም። አረፋ በመጣ ቁጥር ይመጣ ነበር።»

ፅናት በአረፋ ሰሞን አባቷ በየዓመቱ ጨርቅ ይዞ ወደ ወልቂጤ ይሄድ እንደነበር አስታወሰች። ውሰደኝ ብላ አልቅሳ ታውቃለች። «ሥራ ነው» ይላት ነበር።

«ለምን አልነገረኝም? ያፍርባችሁ ነበር?»

«የሚያፍር ሰው ያስታውቃል። እሱ የሚፈራ ነው የሚመስለኝ።»

«ማንን?»

ሙስዓብ ወደ ድንኳኑ ዞሮ አዳመጠ። ከለቅሶው ሁሉ በላይ የሚሰማው የእትዬ አሰፋች ድምፅ ነው። እትዬ አሰፋች የወልደጊዮርጊስ ልጅ፣ የእሸቴ ታላቅ እህት ናቸው። እሪ በከንቱ የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ከከተማው ጫፍ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። በየሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍረው እሸቴን ሊያዩ ይመጡ ነበር።

ሙስዓብ ሲወጣ እሳቸው ገቡ።

«ይሄ ልጅ ምን አለሽ?»

«እትዬ፣ ኢስማኤል የሚባል ሰው ያውቃሉ?»

አሮጊቷ ቀስ ብለው አልጋው ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ከአንገታቸው ፈተው እንደገና አሰሩት።

«አውቃለሁ። ከአባቴ ጋር ይነግድ ነበር። ወባ ገደለው። አባቴ ልጁን እጁን ይዞ እሪ በከንቱ አመጣው። ትምህርት ቤት ሊያስገባው ሲሄድ እኔም አብሬ ነበርኩ። መዝጋቢው ‹አባትህ ማነው?› ብሎ ልጁን ጠየቀው። አባቴ ‹ኢስማኤል› ሊል አፉን ሲከፍት፣ እሸቴ እጁን ጎተት አድርጎ ‹ይሄ› አለ። ‹ይሄ ነው።› አባቴ አላረመውም። ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቆሞ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ሌላ ጊዜ አላየሁም።»

«ኢስማኤል ዛሬ ቢነበብ ታዲያ ምን ይጎዳል?»

«የነጠቅነው እንዳይመስልሽ። በየአረፋው ስኳር አሸክሞ ወደ እናቱ የሚልከው አባቴ ነው። ግን ፅኑዬ፣ እኔ ምን ልባል? ሰፈሬ ፈረሰ፣ ጎረቤቴ ተበተነ። ልጆቼ የአባታቸውን ስም ይዘው የየራሳቸውን ኑሮ ያዙ። የአባቴን ስም የያዝነው እሸቴና እኔ ነበርን። ዛሬ በሕዝብ ፊት ‹አሳዳጊ› ከተባለ፣ እኔ የሟች ምንድን ነኝ? ጎረቤት? ያ ቃል ቤታችን ውስጥ ተብሎ አያውቅም። ከጻፍሽውስ ቀብሩ ላይ አልቆምም።»

ወጡ። ፅናት ወረቀቱን መልሳ አነበበች። በመዝገብ ቤቱ ሕግ ቢሆን አንዱ ስም ትክክል፣ ሌላው ስህተት ነው። ኢስማኤልን ብትተው የሙት ልጅ አባት ዳግመኛ ይሞታል። ‹አሳዳጊ› ብትል ደግሞ ያ ልጅ በእጁ ጎትቶ የመረጠውን ሰው ከእጁ ማስለቀቅ ይሆናል። ወረቀቱን ቀደደችና በሌላ ላይ እንዲህ ጻፈች፦

«አቶ እሸቴ ከአባታቸው ከአቶ ኢስማኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርነሽ በጉራጌ አገር ተወለዱ። በአባታቸው በአቶ ወልደጊዮርጊስ ቤት፣ ከእህታቸው ከወይዘሮ አሰፋች ጋር በእሪ በከንቱ አደጉ።»

የቀረውን በችኮላ ጨረሰች። ጋሼ ሚልክያስ ሲቀበሏት አስከሬኑ እየወጣ ነበር። «ጋሼ፣ መጀመሪያው ላይ…» ብላ ልታስረዳቸው ስትል ዋይታው ዋጣት፤ ሰውም እየገፋ ለያያቸው።

ከፍትሐቱ በኋላ ሕዝቡ በመቃብሩ ዙሪያ ቆመ። ሙስዓብ ከኋላ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። እትዬ አሰፋች ከፊት ናቸው። ጋሼ ሚልክያስ መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ዘረጉ። የመጀመሪያውን መስመር በዓይናቸው ሲያልፉት ግንባራቸው ተቋጠረ። ሁለት አባት። ቀና ብለው ፅናትን ፈለጓት፤ እሷ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር። የመምህር ነገር፣ ሐዘን ያሳሳታት ልጅ በሕዝብ ፊት እንዳታፍር ብለው በልባቸው አረሙላት።

«አቶ እሸቴ ከአባታቸው ከአቶ ወልደጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርነሽ በጉራጌ አገር ተወለዱ…»

ፅናት ነጠላዋን ከፊቷ ገፈፈች። አንድ ጣራ ሥር አድረው የማያውቁ ሁለት ሰዎች በሕዝብ ፊት ተጋቡ፤ እውነተኛው ባል ኢስማኤል ከመካከል ጠፋ። ከኋላ ሙስዓብ አንገቱን ደፋ። ንባቡ ግን ቀጠለ፤ ልብስ ስፌቱ ተነበበ፣ ትሕትናው ተነበበ፣ ለእድሩ ያደረገው ተነበበ። ጋሼ ሚልክያስ በሚያምር ድምፃቸው እስከ መጨረሻው አንብበው ወረቀቱን አጠፉት።

አፈሩ መውረድ ጀመረ። ያኔ ነው እትዬ አሰፋች ሰዉን በክንዳቸው ከፍለው ወደ መቃብሩ አፍ የወጡት። ፅናት ስማቸው ከሌላ ሴት ጋር የተጠራውን የአባታቸውን ክብር ሊያስመልሱ፣ ሊቆጡ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ደረታቸውን መትተው ጮኹ፦

«የኢስማኤል ልጅ! የኢስማኤል ልጅ፣ ወንድሜ!»

ሰው ተያየ። «ማንን ነው የሚሉት?» «ሐዘኑ ነው፣ ሳይምታታባቸው አይቀርም» ተባለ። አንዲት ሴት ልትይዛቸው ስትጠጋ እጇን ገፈተሩት።

«የአባቴ ልጅ! የኢስማኤል ልጅ! ወንድሜ!»

ሙስዓብ ከኋላ መጥቶ በክንዳቸው ደገፋቸው። አልተከራከሩትም። ትከሻው ላይ ተደግፈው፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ ያንኑ ስም ጠሩ።

ወደ ድንኳኑ ለመመለስ ሰዉ አውቶቡስ ሲሳፈር ጋሼ ሚልክያስ ወረቀቱን ይዘው ወደ ፅናት መጡ። ምን እንዳደረጉ ገብቷቸዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ልጄ፣ የተሳሳትሽ መስሎኝ እኮ ነው…»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። እኔም ብሆን አርመው ነበር።»

በአውቶቡሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች የመሥሪያ ቤት ባልደረባዋ ጆሮዋ ሥር ጠየቀቻት፤ «ኢስማኤል ማነው?»

«አያቴ ነው» አለች ፅናት።

«ወልደጊዮርጊስስ?»

«አያቴ።»

ባልደረባዋ ግራ ተጋብታ አየቻት። ፅናት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ሁለቱን ስሞች በከንፈሯ ደገመቻቸው። ከእሷ ቀጥሎ የሚደግማቸው እንደሌለ ታውቃለች። አንዴ ጨመረች።