በሥዕል ቧንቧ ሥር የተሰለፉ ጀሪካኖች

ዛሬ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር፣ እኔ በሳልኩት ቧንቧ ሥር ጀሪካኖች ተሰልፈው አገኘሁ። ጀሪካኖቹ የእውነት ናቸው። ቧንቧው ግን ሥዕል ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀበሌው «ልማታችንን ግድግዳው ላይ ሳሉልን» ብሎ የሥዕል ክበባችንን ጠየቀ። ለእኔ ውኃው ደረሰኝ።

እንደማየው ደረቅ ቧንቧ ብስል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር መጥተው «ይፍሰስ እንጂ!» አሉኝ። ትናንት አፈሰስኩት። (ሰፈራችን ውኃ ካየ ሰንብቷል፤ ሰማያዊ ቀለም ግን አልጠፋም።)

ዛሬ ሊቀመንበሩ ሰልፉን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይኼን ያስደረግኸው አንተ ነህ?»

በማርያም፣ እኔ አይደለሁም። አፌን ሳልከፍት ጎረቤታችን እማማ የዝና ቀደሙኝ። በስብሰባ አንድ ቀን እንኳ እጃቸውን አውጥተው የማያውቁት እማማ የዝና!

«ተራ ይዘን ነው ጌታው። ሲፈስ አይተን።»

ሊቀመንበሩ አንዱን ጀሪካን ሊያነሱ ጎንበስ አሉና ተዉት። እሳቸውም የዚሁ አገር ሰው ናቸው፤ የሰው ጀሪካን ከተራው እንደማይነሳ ያውቃሉ።

የመጀመሪያውን ማን አስቀመጠው? ቀኑን ሙሉ ብጠይቅ ሁሉም ፈገግ ብሎ ያልፈኛል።

አመሻሽ ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ሰልፉ ረዝሟል። ከሁሉም ኋላ ያለችውን፣ ጆሮዋ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረባትን ጀሪካን ግን አወቅኋት። የሊቀመንበሩ ባለቤት ሁልጊዜ ይዘዋት የሚወጡት ናት።

እናንተ ከተማስ ግድግዳ ላይ ምን ይፈሳል? ከሥሩስ ማን ተራ ይዟል?