ቅርጫት ያጠለቀው ዓሣ ነጋዴ

ከቴሌሲኖስ ዓሣ የሚገዛው የአቴንስ ሰው ግማሹ ለዓሣው፣ ግማሹ ለምላሱ ይመጣ ነበር። ዋጋ ላይ የሚነታረክ ሀብታም ሲገጥመው፣ «ግድ የለም ጌታው፣ በነፃ ይውሰዱት፤ ልጆችዎ በረሃብ ሲያልቁ ማየት አልችልም» ይላል። ሀብታሙ ከፍሎ ይሄዳል። ሰዉ ይስቃል።

ለወይን አምላኩ ለዲዮኒሶስ በዓል የተውኔት መዘምራን ቡድን የሚያሰለጥነው ኤውቲሞስ ይህን ሰምቶ መለመለው። በበዓሉ የሚያሳዩት ተውኔት አሳዛኝ ነው፤ እንግዶቹን በማዕድ ላይ በመርዝ የሚጨርስ ንጉሥ አለበት። መዘምራኑ የከተማው ሽማግሌዎች ሆነው ይጫወታሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ፊት ወጥቶ ንጉሡን በአሽሙር መሸንቆጥ አለበት፦ «ንጉሥ ሆይ፣ እንግዳ አክባሪነትህን ማን ይክዳል? ማዕድህ ላይ የተቀመጠ ሁሉ እስከ ዛሬ አልተነሣም።»

ይህች ቃል ለቴሌሲኖስ ተሰጠች። ሸክላ ሠሪው ቢዮንም ፈልጓት ነበር፤ አላገኛትም። በልምምድ ቴሌሲኖስ ቅንድቡን ሰቅሎ፣ ከንፈሩን ጠመም አድርጎ ሲላት ጓደኞቹ እየተንፈራፈሩ ይስቁ ነበር።

ከዚያ መዘምራኑ መድረክ ላይ የሚያጠልቋቸው ጭምብሎች መጡ። ከተልባ እግር ጨርቅ የተሠራ፣ ያዘነ የሽማግሌ ፊት። ቴሌሲኖስ አጥልቆ ቃሉን ተናገረ። የሳቀ የለም።

ኤውቲሞስ ከላይኛው መቀመጫ፣ «እያመሰገንከው እኮ ነው» አለው።

«ንጉሡ ሹመት ሳይሰጠው አይቀርም» አለ ቢዮን።

ቴሌሲኖስ ጮክ ብሎ ደገመው። አሰልጣኙ ራሱን ነቀነቀ፤ ይሄ ስድብ ነው፣ ስድብ ማንም ይችላል አለ። በመጨረሻው ልምምድ ካልተስተካከለ ቃሉ ለቢዮን እንደሚሰጥ ነገረው።

ቴሌሲኖስ ቤቱ ገብቶ አኮረፈ። ሚስቱ ፊሊና የሆነውን ሁሉ ሰማች፤ አላባበለችውም። ጠዋት ገበያ ላይ የሰርዲን ቅርጫት ባዶ አድርጋ ፊቱን እስኪሸፍነው ራሱ ላይ ደፋችበት።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ?»

«ቅንድብህን ነው የቀማሁህ። ምላስህ አለ አይደል? ሽጥ።»

መጀመሪያ ጮኸ። ሰዉ የታመመ መስሎት ዞር ብሎ አለፈ። ፀሐዩ በረታ፤ የዓሣ ውኃ በአንገቱ ወረደ። የዘወትር ደንበኛው አሮጊቷ ሚርቶ መጥታ አንዷን ዓሣ እያገላበጠች፣ ይሄ ነገር የቆየ አይደለም ወይ አለች። ቴሌሲኖስ ለመጮህ አቅም አልነበረውም። ቀስ ብሎ፣ በትሕትና መለሰ።

«አይጠራጠሩ እማማ። ከእርስዎ በኋላ ነው የተወለደው።»

ቀድማ የሳቀችው ሚርቶ ራሷ ነበረች፤ ዓሣውን እስክትጥል ሳቀች።

ፊሊና ቅርጫቱን ከፍ አድርጋ ባሏን አየችው። «ሰማህ? ስታከብራት ነው የወጋሃት። ንጉሡንም እንደዚሁ አክብረው» አለችና ቅርጫቱን መለሰችበት።

ረፋዱን ሙሉ እንደዚያው ሸጠ። ከሰዓት በፊት ዓሣው አለቀ። በመጨረሻው ልምምድ ቃሉ ከእጁ አልወጣም።

በበዓሉ ቀን ተመልካች የሚቀመጥበት የኮረብታ ወገብ በሰው ተሞላ። ቴሌሲኖስ ከመዘምራኑ ተነጥሎ ወጣ፣ ለንጉሡ እጅ ነሣ፣ ቃሉን እንደ ማር ለስለስ አድርጎ አፈሰሰው። ከላይ በኩል ሳቅ ተነሣ። ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ የሞቱት እንግዶች ለተመልካቾቹ ትዝ አሏቸው። ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ዋጠ። ቴሌሲኖስ በጭምብሉ ውስጥ እስከ ጆሮው ፈገግ አለ፤ ያየው የለም።

በበዓሉ የተውኔት ውድድር ቡድናቸው ከሦስቱ ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ወጣ። እሱ ግን ሲዘፍን ነው ቤቱ የገባው።

በማግስቱ ደንበኞቹ ቅርጫቱን ካላጠለቀ አንገዛም አሉት። አጠለቀ። ቢዮን ተራውን ጠብቆ ፊቱ ቆመና፣ «ትናንት ቃሉን ጥሩ አድርገህ ነው ያልከው» አለ።

ቴሌሲኖስ ቅርጫቱን ገፋ አድርጎ የቢዮንን ቅንድብ መረመረ። አልተሰቀለም። ከንፈሩም አልጠመመም፤ የምሩን ነበር።

ከሁሉ የሰባውን ዓሣ መርጦ ሰጠው።