ለአንዲት ገረድ የዘገየ መርዶ

ስዊድን በአሜሪካ ቅኝ ግዛት ነበራት ስል የስቶክሆልም አበሻ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። «እነዚህ? ኑመርላፕ፣ የወረፋ ቁጥር፣ ቆርጠው ዳቦ የሚገዙት?» አለኝ አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው፣ ከአምልኮ በኋላ ወንበር እያጠፍን። «ሰው አገርም የገቡት ቁጥር ቆርጠው ነው በያ!» ሳቁ እኔንም ያዘኝ። ግን እውነት ነው፣ ነበራቸው። ዛሬ ዴላዌር በሚባለው ግዛት፣ በወንዙ ዳር፣ ከሦስት መቶ አምሳ ዓመት ገደማ በፊት ጥቂት መቶ ስዊድኖችና ፊንላንዶች ሰፍረው ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ሆላንዶች ቀሟቸው፤ ሆላንዶቹን ደግሞ እንግሊዞች ቀሟቸው። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ ግን ማን እንደሚገዛቸው ሳይጨነቁ እዚያው ማረስና መውለድ ቀጠሉ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ የዶክትሬት ጥናቴን የምሠራው በነዚያ ሰዎች ላይ ነበር። በገዥዎቹ ላይ አይደለም፤ ገዥማ በአገራችንም ጠግቤያለሁ። ጠዋት ቴንስታ ትምህርት ቤት የአበሻ ልጆችን አማርኛ አስተምራለሁ። እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እነሱ በስዊድንኛ ይመልሱልኛል። ከሰዓት በኋላ በሰማያዊው የባቡር መስመር ከተማ ወርጄ ቤተ መዛግብት እገባለሁ። እዚያ ጫማው አልቆ በባዶ እግሩ ዘብ የሚቆም ወታደር አቤቱታ አለ። «በእግዚአብሔር ስም መርፌና ክር ላኩልን» የምትል ሚስት አለች። መርከብ ለዓመታት ስለቀረባቸው የአጋዘን ቆዳ የለበሱ ገበሬዎች፣ ደን አቃጥለው አጃ የሚዘሩ ፊንላንዶች፣ በአንዲት ላም ምክንያት ጎረቤቱን አራት ጊዜ የከሰሰ ነገረኛ ሽማግሌ፣ ሁሉም እዚያ አሉ። ያን ነገረኛ በጣም እወደው ነበር።

«የነዚህ ሰዎች ታሪክ ለማን ይጠቅማል?» ይለኛል ባሌ።

«ያንተስ ታሪክ ለማን ይጠቅማል?» እለዋለሁ። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም።

እትዬን ያገኘኋቸው ሃግሴትራ ቤተ መጻሕፍት ነው። ለጡረተኞች ስለ ቅኝ ግዛቱ ተናግሬ ወረቀቴን ስሰበስብ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንዲት ሴት በወጥ ቤት ፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ታቅፈው መጡ። ስማቸውን ነገሩኝ፤ እኔ ግን ወዲያው በልቤ እትዬ አልኳቸው፣ በዚያው ቀረ። ስዊድንኛ ትልቅ ሰውንም አንቺ ነው የሚለው። እስከ ዛሬ አፌን ይተናነቀኛል። በአማርኛ ስጽፍ ግን ማን ይከለክለኛል፣ እንደሚገባቸው እጠራቸዋለሁ።

እትዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኮት ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው። መጽሐፍ ቅዱሱን ጠረጴዛ ላይ ፈቱና የመጨረሻውን ቅጠል ገለጡት። የቤተሰቡ ስም ሁሉ በአሮጌ ቀለም ተደርድሯል። ከላይ ከተጻፉት መካከል አንዷ ጋ ጣታቸውን አሳረፉ። «እህታችን ከአንድ መቶ አለቃ ቤተሰብ ጋር በገረድነት ወደ አዲሲቱ ስዊድን ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ አልተሰማም» ይላል።

«አያቴ ሲሞት ስለሷ ጠየቀ። አባቴም ጠየቀ» አሉኝ። «በመቃብር ድንጋያችን ላይ አባቴ የሁሉንም ስም አስቀርጾ ለሷ አንድ መስመር ባዶ ትቶላታል። አንድ ልጅ አለኝ፣ ዮርድብሩ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። ደግ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይገባውም። እኔ ሳልሞት ምን እንደሆነች አውቄ መስመሯን መሙላት አለብኝ።»

«እፈልግልዎታለሁ» አልኳቸው።

እጄን ለቀም አድርገው ያዙኝ። «ክፉም ቢሆን፣ እንዳለ ነው የምትነግሪኝ። እሺ?»

«እሺ፣ እንዳለ» አልኩ።

ስለ አባቴ እዚህ ላይ ካልተናገርኩ የሚቀጥለው አይገባም። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አባቴ አዲስ አበባ ሞቶ፣ ሞቱ ስምንት ወር ተደብቆብኛል። መጀመሪያ «ፈተና አለባት» ተባለ፤ ፈተናው ሲያልቅ «እርጉዝ ናት፣ ትገላገል» ተባለ። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ያውቃል፤ ባሌም ያውቃል። በነዚያ ወራት ለአባቴ የሱፍ ሹራብ ገዝቼ በሰው ልኬአለሁ። ሰውየውም የአባቴን ሞት እያወቀ ሹራቡን ተቀብሎ፣ «ደስ ይላቸዋል» ብሎኝ ወሰደ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ ደረጃው ላይ ሰው በጥቁር በጥቁር ቆሟል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ጮህኩ፣ አለቀስኩ። ግን ሁሉም አልቅሶ የጨረሰውን ለብቻዬ ጀመርኩት። ባሌን «እኔ በሕይወቴ በማንም ላይ እንዲህ አላደርግም፣ ስማኝ!» አልኩት። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ልጅቷን ያገኘኋት በክረምቱ መጨረሻ፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። የአንዱ መርከብ ጸሐፊ በጉዞው ላይ የሞቱትን የመዘገበበት ወረቀት ከሌላ ደብዳቤ ጋር ተሰፍቶ ቆይቷል። ስሟ አለ። የአባቷ ስም አለ፤ ደብሯ አለ፤ የመቶ አለቃውም ስም አለ። «ገረድ። በንዳድ ሞተች፤ ለባሕር ተሰጠች።» በቃ፣ ይኸው ነው። አሜሪካን በዓይኗ አላየችም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሌላ ሰው ትሆን ይሆናል ብዬ አገላበጥኩ። እሷው ናት።

ወርጄ ከሕዝብ ስልክ ደወልኩ። እትዬ ያን ቀን ከሆስፒታል መውጣታቸው ነበር፣ ልባቸው ታሞ። ድምፃቸው ከሩቅ ይመጣል። «አገኘሻት?» አሉኝ ገና ሰላም ሳልላቸው።

«ፍንጭ አለ። መጥቼ እነግርዎታለሁ» አልኩ። ይህን ስል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አነጋገር ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

በማግስቱ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ቃሌን ስደረድር ነበር፤ እንዲህ እላለሁ፣ ከዚያ እንዲህ እላለሁ እያልኩ። በር ሲከፍቱልኝ ያ ሁሉ ጠፋ። አንገትጌ ያለው ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። የጠረጴዛ ልብሱ ተተኩሷል፣ የቀረፋ ዳቦ በሳህን ቀርቧል፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ተገልጦ ብዕር አጠገቡ ተቀምጧል። እግራቸው አባብጦ ጫማቸው አልዘጋ ብሏል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። እኛ አገር እንዲህ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፣ ሞቼ እገኛለሁ።

«ደረሰች?» አሉኝ።

«ደርሳለች» አልኩ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ተነፈሱ። ከዚያማ ማን ያቁመኝ! ታሪክ ያጠና ሰው ሲዋሽ አደገኛ ነው፤ ቁርጥራጩ ሁሉ እውነት ነዋ። የአንዲትን መበለት የግንድ ቤት ሰጠኋት፣ ከወንዙ ዳር። የዚያን የነገረኛ ሽማግሌ ላም ሰጠኋት። አጃ የሚዘራ ፊንላንዳዊ ባል ዳርኳት፤ እንዲታመን ብዬም «ትንሽ ይጠጣ ነበር» አልኩ። መርፌና ክር የለመነችውን የሌላ ሴት ደብዳቤም ለሷ አደረግሁት። እትዬ ይህን ሲሰሙ ጠረጴዛውን በእጃቸው መቱና ሳቁ። «መርፌ! የኛ ዘር ናት እኮ!» አሉ። ልብስ ሰፊ ናቸውና የተጣጣፈበት ይታያቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልታያቸውም። አምነውኛል።

ማታ ራት ላይ ለባሌ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ሰው መርዶ ይደበቃል እንዴ?»

«ቢደነግጡስ? ልባቸው ቀጥ ቢልስ?»

«ንገሪኝ አሉሽ፤ ቃል ገባሽላቸው። አንቺ ሴት፣ እግዚአብሔርን ፍሪ!»

«አንተ ነህ የምትመክረኝ?» ብዬ ጮህኩ። «ሞቱን እያወቅህ የአባቴን ሹራብ በላስቲክ ጠቅልለህ የሰጠኸኝ አንተ አይደለህም?»

ሳህኑን አንስቶ አጠበና ሄዶ ተኛ። እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ለፋሲካ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ፋሲካ ሲመጣ፣ ሚድሶማር የሚሉት የበጋ በዓላቸው ይለፍና፣ በጋው ሞቅ ሲል ይሻላቸዋል አልኩ። እውነትም ተሻላቸው፤ ያም ሌላ ሰበብ ሆነኝ። ሰው ሲያገግም መርዶ ይነገራል? ሲታመሙ ታመሙ፣ ሲድኑ ዳኑ እያልኩ፣ ረቡዕ ረቡዕ ሲደውሉልኝ ውሸቱን አሳድገዋለሁ። ልጆች ነበሯት ወይ ይሉኛል፤ አራት እላለሁ። ሀገሯ ይናፍቃት ነበር ወይ ይሉኛል፤ የአጃ ማጨድ ሲደርስ ይናፍቃት ነበር እላለሁ። የማላውቃትን ልጅ አስረጀኋት። አንዳንድ ቀን ራሴም ወደድኳት፤ በውሸት መንደሯ ውስጥ ስትሄድ ታየችኝ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በጥቅምት ልጃቸው ደወለና እናቱ በእንቅልፋቸው ማረፋቸውን ነገረኝ። የቀብሩን ቀንና ሰዓት ነገረኝ። ትምህርት ቤት አለብኝ ብዬ ቀረሁ። አበሻ ሆኜ ለቅሶ ቀረሁ! ማንም ቢሞት፣ የማላውቀውም ቢሞት፣ ባቡር ቀይሬ አውቶቡስ ቀይሬ የምደርስ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ልጆቹን የቤት ሥራ አሠርቼ መስኮት ሳይ ዋልኩ።

ከዚያ የባሰውን አደረግሁ። በጥናቴ መጨረሻ በዚያ መርከብ የሞቱትን ሰዎች ዝርዝር አያይዣለሁ። ቤተሰቡ አንድ ቀን መጽሐፉን ቢገልጥስ ብዬ የሷን መስመር አወጣሁት። ከላይዋ አንድ አናጢ አለ፣ ከታችዋ አንድ ሕፃን አለ፤ እሷ የለችም። መምህሮቼ አመሰገኑኝ፣ ጥንቁቅ ነሽ አሉኝ። እጄን ጨበጡኝ፤ አበባ ሰጡኝ። ከሙታኑ መካከል አንዲት ገረድ መጉደሏን ያወቀ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ጸደይ ልጃቸው እንደገና ደወለ። «ድንጋዩ ተሠርቷል። አንቺ ሳታዪው አይሆንም» አለኝ። እምቢ ልል አፌን ከፍቼ እሺ አልኩ። ከዮርድብሩ ባቡር ጣቢያ በመኪናው ወሰደኝ። የመጋዘን ልብሱን እንኳ አላወለቀም፤ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ነው። መቃብሩ ከአንዲት ትንሽ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። ድንጋዩ ትልቅ ነው፤ ስሞቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። ከታች አዲስ የተቀረጸው የእትዬ ስም ነው። ከላይ ደግሞ ያ ባዶ የነበረው መስመር ሞልቷል። የልጅቷ ስም አለ፤ ከስሟ ቀጥሎ «በአሜሪካ ኖረች፣ በዚያም አረጀች» ይላል። የራሴ ቃል ነው፤ እትዬ በስልክ «እንዴት ብለን እንጻፈው?» ሲሉኝ የነገርኳቸው።

«እናቴ ይህን ለማየት ትንሽ ነበር የቀራት» አለ ልጃቸው። «ታውቂያለሽ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ልጅቷ ባሕር ላይ ሞታ ይሆናል ብላ ታስብ ነበር። ‹አንድም ሰው ያላለቀሰላት ልጅ አለችን› ትል ነበር። ‹መሞቷን ባውቅ ቁጭ ብዬ አለቅስላትና መስመሯን እሞላለሁ› ትል ነበር። መሃረብ ሳይቀር ለዚያ ቀን ብላ ጠርዙን ሰፍታ አስቀምጣ ነበር። አንቺ ደኅና ኖራለች ስትያት ሳቀችና መሃረቡን ለጎረቤት ሰጠችው።»

ይህን ያለኝ ሊያመሰግነኝ ነው። አሁን ንገሪው፣ አሁን አሁን አልኩ ለራሴ። ቃሉም መጥቶልኝ ነበር። እሱ ግን በእጅጌው የድንጋዩን አቧራ ይጠርጋል፤ ፊደሉን አንድ በአንድ። አልነገርኩትም። እነሆ ዛሬም አልነገርኩትም።

እንባዬ መጣ። እንደኛ አገር ለቅሶ ነው የመጣው፣ ድምፅ አውጥቼ፣ ደረቴን ይዤ፣ ሳሩ ላይ ተቀምጬ። የልጅቷን ስም እየጠራሁ አለቀስኩ፤ መሃል ላይ የአባቴም ስም ገባበት። ስዊድናዊው ደነገጠ፤ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት አጠገቤ ቁጢጥ አለና ትከሻዬን በሁለት ጣቱ ነካ አደረገ።

«እንዲህ አትሁኚ» አለኝ። «አላነበብሽውም እንዴ? አርጅታ ነው እኮ የሞተችው።»