አንገቴን ያጣመመው ጂን አልነበረም

የወጉኝ መርፌ አንገቴን ሲያጣምመው፣ መድኃኒቱ ነው ብለው እንደማከም አስረውኝ ጂን አለበት አሉ። ይህን ያለው ነርስ ነው። በደሉ ይኸው ነው። የምጽፈው ራሱ ወይም ዘመዱ የአእምሮ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ነው። ሌላው ባያነበው ቅር አይለኝም።

ሥራዬ ብየዳ ነው፤ አዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር ውስጥ በርና የመስኮት ፍርግርግ እሠራለሁ። ሕመሙ በእንቅልፍ ጀመረኝ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሥራው ይገፋልኛል ብዬ። ቆየት ብሎ ከመቁረጫ ማሽኑ ጩኸት ውስጥ ስሜን የሚጠራ ሰው መስማት ጀመርኩ። ማሽኑን አጠፋሁት። ሰውዬው አልጠፋም። ደንበኞቼ ሊሰልሉኝ የሚመጡ መሰለኝ፤ አንድ ሁለቱን ተሳድቤ አባረርኩ።

ሚስቴ ዘሃራ አጎቴን ጋሽ ሰይድን ጠራቻቸው። ከወሎ ይዘውኝ የመጡ፣ አባት የሆኑኝ ሰው ናቸው። ሁለቱ ተጋግዘው ሰፈር ውስጥ ወዳለ የግል ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ሃሎፔሪዶል የሚባል መርፌ አዘዘና፣ እዚያው ይደር ብሎ ወጣ። ነርሱ ወጋኝ። ይህ መድኃኒት ምን ይሠራል፣ ምን ሊያመጣ ይችላል፣ ምን ስታዩ ጥሩኝ፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለእኔም፣ ለእነሱም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መንጋጋዬ ተቆለፈ። ምላሴ አፌን ሞላው። አንገቴ ወደ ግራ ዞረ። መመለስ አቃተኝ። ዓይኔ ጣራው ላይ ተሰቀለ። አልወርድ አለ። ሁሉንም እሰማለሁ። መናገር አልችልም።

አጎቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቁርአን መቅራት ጀመሩ። ነርሱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

"በል ቀልድህን አቁም!" አለኝ።

ምኑን ላቁም? ወደ አጎቴ ዞረ።

"አባባ፣ ይሄ የሐኪም ጉዳይ አይደለም። ጂን አለበት። የሚያውቅበት ጋ ይውሰዱት።"

እጄን በዘሃራ ሻርፕ ከአልጋው ብረት ጋር አሰረው። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቁት የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ሰሙ። ስፈታም በእነሱው ፊት፣ አንገቴ እንደዞረ፣ አጎቴና ዘሃራ ተሸክመውኝ ወጡ።

አንገቴ ውሎ አድሮ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። አጎቴ ግን ጂኑ በቁርአኑ ወጣ አሉ። የተማረ ነርስ መስክሮላቸው ምን ይበሉ? ክሊኒኩ የሰጠንን ኪኒን ሽንት ቤት ጨመሩት። ሕመሙ ተመልሶ መጣ፤ ከበፊቱ ባሰ። ዘሃራ የሠራችውን ምግብ መርዝ ነው ብዬ መብላት ተውኩ። ሰፈሩ ደግሞ ጂን ያለበት ሰው የሠራውን በር ቤቱ አላስገባም አለ። የበየድኩት በር ሱቄ ውስጥ ቆሞ ዛገ።

ዘሃራ አጎቴን ሳታስፈቅድ ላዳ ይዛ የመንግሥት ሆስፒታል ወሰደችኝ። ዶክተሯ የሆነውን ሁሉ ከእሷ ሰማች።

"አኪዩት ዲስቶኒያ ይባላል" አለች። "መድኃኒቱ የሚያመጣው የጡንቻ መኮማተር ነው። ማርከሻ አለው። በአንድ መርፌ ይፈታ ነበር።"

"በአንድ መርፌ?" አለች ዘሃራ።

"በአንድ መርፌ።"

ዘሃራ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ተናደድኩ። ንዴቱ ዛሬም አለ። ቃሉን ይጻፉልኝ አልኳት። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ የሰማሁትን በዓይኔ ካላየሁት አላምንም። ዲ፣ ስ፣ ቶ፣ ኒ፣ ያ። ሰፈሩ ጂን ያለው ነገር ለካ ስም ነበረው።

አስተኙኝ። የክፍሉ ነርስ ሲስተር ጽጌ ትባላለች። ፈገግታ የማታውቅ ሴት ናት። ኪኒኑን ስትሰጠኝ ከምላሴ ሥር ደበቅሁት።

"ከምላስዎ ሥር ያለውስ?" አለችኝ። "እርስዎ ብረት ያውቃሉ፣ እኔ ደግሞ አፍ አውቃለሁ።"

አልጮኸችብኝም፣ ለምን እንደደበቅሁት ጠየቀችኝ እንጂ። አንገቴን ነገርኳት። እስኪዞር እንዳልጠብቅ፣ መንጋጋዬ ትንሽ እንኳ ከከበደኝ እንድጠራት አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ ወዲህ የደም ግፊቴን መጀመሪያ አስተኝታ፣ ቀጥሎ አስቁማ ትለካለች፤ ስነሳ ያዞረኝ እንደሆነ፣ እግሬ አልቀመጥ ብሎ ያንቆራጠጠኝ እንደሆነ፣ ሆዴ ደርቆ እንደሆነ እየጠየቀች፣ የብየዳ እጄን አስዘርግታ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ እያየች፣ ያየችውን ለዶክተሯ ትነግራለች፤ ዶክተሯም በዚያው መጠን መድኃኒቱን ትቀንሳለች ወይም ትለውጣለች።

አንድ ቀን አጎቴ ሊጠይቁኝ መጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ መንጋጋዬ ያዘኝ። አንገቴም መሳብ ጀመረ። በእጄ ምልክት ሰጠሁ፤ ሲስተር ጽጌ ዶክተሯን ጠርታ ማርከሻውን፣ ፕሮሜታዚን የሚባለውን መርፌ፣ ይዛ መጣች። አጎቴ ብድግ አሉ።

"ዱዓዎን ያድርጉ አባባ" አለቻቸው፤ "ግን ወዲያ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ክንዱን ልይዝ ነው።"

አጎቴ ከድንጋጤ የተነሳ ዱዓውንም ረሱት። ቆመው ብቻ አዩ። ብዙም ሳይቆይ መንጋጋዬ ላላ፣ አንገቴ ተመለሰ። ውሃ ጠየቅሁ።

"እንዲህ ነው እንዴ?" አሉ አጎቴ። ውሃውን ራሳቸው አቀበሉኝ።

ዛሬ ኪኒኔን በሰዓቱ እውጣለሁ፣ ሥራዬም ላይ ነኝ። ድምፁ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሲመጣ ለሐኪም እነግራለሁ። ለዘሃራ፣ ለዶክተሯና ለሲስተር ጽጌ ያለኝን ምስጋና በቃል አልጨርሰውም። እናንተ ደግሞ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ስሙን ጠይቁ፤ ምን እንደሚያመጣና ሲመጣ ማንን እንደምትጠሩ ጠይቁ። ቀልድ ነው የሚል ነርስ ከገጠማችሁ ሌላ ጥሩ። መድኃኒቱ አልስማማ ካለም በገዛ እጃችሁ አትጣሉት፣ ተመልሳችሁ ንገሩ። ታማሚ ጸሎት አይከለከል፤ ሐኪምም አይከለከል።

ቀሪው ነገር ነርሱ ነው። ፍርድ ቤቱ ልደታ አፍንጫችን ሥር ስለሆነ ክሰስ ያለኝ ብዙ ነው። ይህን የሰማው የክሊኒኩ ባለቤት ሽማግሌ ላከብኝ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ቤት ከገባ የተበደለው አፉ ብሎ ይቅር ይላል፤ በደሉ ምን እንደሆነ አይነሳም።

"እንዲያው ለአላህ ብለህ" አሉኝ።

"መጀመሪያ ያደረገውን ይናገር። ያልተነገረን ነገር ምኑን አፉ ልበል?"

"ሽማግሌ ይከበራል!"

"ይከበራል። ነርሱም ይናገራል። ጂን አለበት ያለኝ በሰፈር ሰው ፊት ነው፤ በሰፈር ሰው ፊት ይናገር።"

ተቆጥተው ወጡ። ሰንብተው ነርሱን ይዘው ተመለሱ። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የነበሩትን ጎረቤቶች ዘሃራ እየዞረች ጠርታቸው ግቢያችን ሞላ። ነርሱ ጫማውን እያየ ተናገረ።

"ጂን አልነበረም። እኔ የወጋሁት መርፌ ነው ያጣመመው። ሐኪም መጥራት ሲገባኝ አሰርኩት።"

"ጮክ በል!" አሉት አጎቴ። "ከኋላ ያሉት አልሰሙም!"

ቀና ብሎ ደገመው። አፉ አልኩት።

ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.