ቀለበቱን ሊወስዱ የመጡ ዕለት

ልጄ ከሆስፒታል ወጥታ ቢቸና ቤታችን ስትገባ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሞጣ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቷ ክፉኛ ተመታ። ባሕር ዳር ወስደናት ሐኪሞቹ የረጋውን ደም አወጡላት፤ ነፍሷም ተረፈች። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ግን አልታዘዝ አሏት፤ አንደበቷም ተሳሰረ። ውሃ ስትፈልግ "በር" ትላለች፤ እናቷን "ልጄ" ትላታለች። መሳሳቷን ስታውቅ ደግሞ በግራ እጇ ጭኗን ትመታለች። ሐኪሙ "ሁሉንም ትሰማለች፤ የጠፋባት የምትናገረው ነው" ብሎናል።

ስለዚያ ጊዜ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ትዕግሥት አወራለሁ። ውሸቴን ነው። እጸየፍ ነበር። ዕድሜ ልኬን የሰው ልጅ ሳስተምር ኖሬ የገዛ ልጄን ተጸየፍኩ። ምራቋ በአገጯ ይወርዳል፤ ያጎረስኳት ሽሮ በከንፈሯ ጥግ ተመልሶ ይወጣል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አጥሚት ሳጠጣት ትን አላትና ሸሚዜ ላይ ተፋችው። ኩባያውን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ፤ ጌሾው ሥር ቁርሴን አስመለስኩት። ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አገኘኋት። ሰምታኛለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ከእጄ አልበላም አለች።

ባለቤቴ ፎጣውን ጭኔ ላይ ወረወረችው። "ሕፃን ሳለች አጥበሃት አታውቅም፤ እንግዲህ አሁን ተማር" አለችኝ።

ተማርኩ። መንገድ ሲከፈት ደብረ ማርቆስ ወስደን ፊዚዮቴራፒ እናሠራታለን፤ ሲዘጋ ያሳዩንን ቤት ውስጥ እንሞክራለን። እናቷ ሽምብራና ምስር ደባልቃ በሰፌድ ታቀርብላታለች፤ እሷ ሽምብራውን በቀኝ እጇ ትለቅማለች። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ፍሬ ለቅማ በላብ ተጠመቀች። እኔ የአንደኛ ክፍል ሥዕሎች ግድግዳ ላይ ለጥፌ በመቋሚያ እየጠቆምኩ ስማቸውን አስጠራታለሁ። አንዳንድ ቀን ስድስት ቃል ታወጣለች፤ በማግስቱ አንድም የለ።

በአምስተኛው ወር የእጮኛዋ ሰዎች መጡ። እሱ ሞጣ ውስጥ ሱቅ አለው። ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ጠይቋት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ አይነሳም። የመጡት አጎቱና ቅኔ አዋቂ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። እሑድ ነበር፤ ባለቤቴ ዶሮ ሠራች። ልጄ ሊጠይቋት የመጡ መስሏት የቀዶ ጥገናውን ጠባሳ በሻሽ ሸፍና፣ ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ ከፊታቸው ተቀመጠች።

እንግዶቹ በሉ። ሽማግሌው አጥንት እየጋጡ፣ የበሬ ጥርስ እንደሚያይ ገበያተኛ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት።

"መምህር፣ ሰው ትለያለች?" አሉኝ።

"እሷን ይጠይቋት" አልኩ።

አልጠየቋትም። እንደገና ጎረሱና "መቼም ከተሰነጠቀ ማድጋ ውሃ አይቀዳም" አሉ፤ ነገሩን ሰም ያለበሱት መስሏቸው ፈገግ አሉ። አጎትየው ቀጠለ፦ "ልጁ ወጣት ነው፤ ወልዶ መሳም ይፈልጋል። እርስዎም አባት ነዎት፣ ይረዱናል። ምሕረቱ ሲመጣ እንነጋገራለን። እስከዚያው ግን ቀለበቱ..."

የወጡ ቅባት ከሽማግሌው ጢም ይንጠባጠብ ነበር። እኔ የልጄን ምራቅ ስጸየፍ የኖርኩት ሰውዬ፣ ያን ንጹሕ ነጭ ጋቢና ያን የተመረጠ አነጋገር ተጸየፍኩ። ቤቴ ውስጥ ከልጄ ሕመም የከፋ ጠረን ገብቶ ነበር።

ልጄ ሁሉን ሰምታለች። የማይታዘዘውን ቀኝ እጇን በግራዋ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቀለበቱን ሳበችው፤ ጣቷ አባብጦ ስለነበር አልወጣ አላት። እናቷ "ተዪው የኔ ልጅ፣ ተዪው" እያለች ማልቀስ ጀመረች። ልጄ ራሷን ነቀነቀች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ጭኗን መታች፣ እንደገና ከፈተች።

"ሳ... ሳሙና" አለች።

ለአምስት ወር ቃል ስትስት የኖረች ልጅ ያንን አልሳተችም። እናቷ ውሃና ሳሙና አመጣች። ሁለቱ እንግዶች አረፋ የለበሰውን ጣቷን አፍጥጠው እያዩ ይጠብቃሉ፤ አንዳቸውም "ይቅር፣ ሌላ ቀን" አላሉም። ቀለበቱ ወጣ። ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘረጉ። እሷ ግን ትሪው ላይ፣ የጋጡት አጥንት መሐል ጣለችው። እጇ ስቶ ይሁን አውቃ፣ እስከ ዛሬ ስጠይቃት ትስቃለች እንጂ አትነግረኝም።

ሽማግሌው ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ቀለበቱን ከወጡ አወጡት። በእንጀራ ቁራሽ ጠረጉት። ቁራሿንም ጎረሷት።

ከዚያ ቆመው "ማርያም ትማርሽ" ብለው መረቋት። እንግዳ አለመሸኘት በእኛ አገር ነውር ነው፤ እኔ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ባለቤቴ እስኪወጡ ጠብቃ የተቀመጡበትን አጎዛ ፀሐይ ላይ አወጣችው፤ የበሉበትን ትሪ ሁለት ጊዜ በአመድ ፈተገችው። ልጄ ደግሞ ያን ቀን እናቷ ጎን ተኝታ ዋለች። በማግስቱ ከእኛ ቀድማ ተነስታ ሰፌዱን በጣቷ አመለከተች።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። እግሯን ትጎትታለች፤ ቃላት ፈልጋ ለማግኘት ጊዜ ይወስድባታል። ሞጣ ተመልሳ እዚያው ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ክፍል ውስጥ ማስተማሩ ስለከበዳት ቤተ ሙከራውን ትይዛለች። ተማሪዎቿ ዓረፍተ ነገሯን እስክትጨርስ ይጠብቋታል አሉ። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ እኛም እንጠብቃታለን።

ሽማግሌውን አልፎ አልፎ ለቅሶ ላይ አገኛቸዋለሁ። እጃቸውን ሲዘረጉ የእኔ ከጋቢው አይወጣም። የንስሐ አባቴ "ይቅር በላቸው፣ አንተም ጾመኛ ነህ" ይሉኛል። አዎ፣ ጾመኛ ነኝ። ያቺ ቁራሽ ግን እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች።