ወፎቹን ማን አውጣ አለህ?

«ጊዜ መድኃኒት ነው» የሚል ሰው ኦፕሬተሯ ፊት ባይደርስ ለራሱ ይበጀዋል። ባሏ በሞተ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ይህንኑ ብትላት፣ «ታዲያ ለጨጓራሽ ኪኒን ለምን ትውጫለሽ? ቁጭ ብለሽ ጊዜ አትጠብቂለትም?» አለቻት። ሴትዮዋ ተቀይማ ወጣች፤ እስከ ዛሬም በዚያ በር አላለፈችም። ሌላው መጥቶ «የሞተ ተጎዳ» አላት። «አንተን ማን ነገረህ? ሞተህ አይተኸዋል?» ብላ ኩም አደረገችው። ታናሽ እህቷ እንግዳው ሁሉ እስኪወጣ ታግሳ፣ «አንቺ እኮ ሐዘንሽም ጠብ ያለሽ በዳቦ ነው» አለቻት። እህት ናትና ይህን ያህል ይፈቀድላታል።

ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ሴትዮዋ የተናደደችው በከንቱ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስልክ ማዞሪያ ክፍል ሠርታለች፤ ቅጽል ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። ክፍሉ ደረጃ ስር የተሸጎጠ፣ መስኮት የሌለው፣ ከሁለት ወንበር በላይ የማያስገባ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከተቀመጠች፣ ደዋዩ አፉን ሳይከፍት ነገሩን ከትንፋሹ ታውቅ ነበር። ይሄ ቀጠሮ ጠያቂ ነው፤ ይቺ እህቷ ወልዳላታለች፤ ይሄኛው ግን የሚወደው ሰው ታሞበታል። ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ሳይነሳ ሲቀር ነፍሷ ይታወክ ነበር። አንድ ቀን ከሕሙማን ክፍል የሚያነሳላት ስታጣ፣ የምታለቅስ እናትን በቀጥታ ከሆስፒታሉ ዳይሬክተር ጋር አገናኘች። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት። ደብዳቤውን ከልጇ የልደት ካርድ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አኑራዋለች፤ በሁለቱም እኩል ትኮራለች።

እንግዲህ ይህችው ሴት፣ ጡረታ ከወጣች በኋላ ባሏ እዚያው ሆስፒታል ተኛ። አንድ ከሰዓት የሚቀየር ልብስ ልታመጣለት ቤት ደርሳ፣ እንዴት እንደዋለ ልትጠይቅ ደወለች። በእሷ ወንበር ላይ የተቀመጠችው አዲሷ ሠራተኛ «ይጠብቁ» አለቻት። ጠበቀች። የሕሙማን ክፍሉ ስልክ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ዘጠኝ ደቂቃ ጠበቀች፤ በእነዚያ ዘጠኝ ደቂቃዎች ውስጥ ባሏ አረፈ። በኋላ ነርሷን ይዛ፣ «ምን አለ? ጠራኝ? አንድ ቃል አልተናገረም?» ብትላት፣ «ይቅርታ እናቴ፣ ሥራ በዝቶብን አላስተዋልኩም» አለቻት። አላስተዋልኩም! ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ሁሉ ድምፅ ከሰው ሁሉ ጆሮ ያደረሰች ሴት፣ የገዛ ባሏን የመጨረሻ ቃል የሚያቀብላት አጣች። ይህን ሰምቶ ደሙ የማይፈላ ሰው ካለ ሐኪም ይመርምረው።

ባሏ በማዘጋጃ ቤቱ ኦርኬስትራ ሃያ ስድስት ዓመት ሁለተኛ ክላርኔት ነፍቷል። ሁለተኛ ክላርኔት ማለት ከነፋው ይልቅ የጠበቀው የሚበዛ ሰው ነው። ኖታው ይህን ያህል ምት ዝም በል ይለዋል፤ እሱም በእግሩ ጣት እየቆጠረ ዝም ይላል፤ ተራው ሲደርስ አራት ድምፅ ነፍቶ እንደገና ዝም። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ለብቻው ተነስቶ እንዲነፋ አልተደረገም። የኦርኬስትራው አለቃ በቀብሩ ላይ «ትሑት ሰው ነበር» ብለው ሲናገሩ ኦፕሬተሯ፣ «ትሑት ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ!» አለች፤ እህቷ በክርኗ ባትጎስማት ኖሮ ትቀጥልም ነበር።

ለብቻው የሚነፋው ጓሮ ነበር። ጓሮው ከዳር እስከ ዳር ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው፤ አንድ የዘይቱን ዛፍ፣ አጥሩን ያለበሰ ሐረግ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ ከቧንቧው ስር ጠርዙ የተሰበረ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ። ድንቢጦች ሳፋው ውስጥ ይታጠባሉ፤ ጥንድ ዋኖሶች ዛፉ ላይ ያድራሉ፤ ስሟን ማንም የማያውቃት ጭራ ረጅም ወፍ ደግሞ ስትፈልግ ብቻ ትመጣለች። እሱ አንድ እግሩ ባጠረ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠዋት ጠዋት ይነፋል። ዜማው መሀል ሳለ ዋኖሷ ከጀመረች፣ ክላርኔቱን ከአፉ አውርዶ እስክትጨርስ ይጠብቃታል፤ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። «ለወፍም ተራ ይሰጣል?» ስትለው፣ «እሷ ለእኔ አትሰጥም፤ ከሁለት አንዳችን ጨዋ መሆን አለብን» ይላት ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ ኦፕሬተሯ በወፎቹም ተናደደች። ምንም እንዳልተፈጠረ በማግስቱ ጠዋት መጥተው መንጫጫት! ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችባቸው። ጫማው ዘይቱኑ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ ድንቢጦቹ ግን ወዲያው ተመለሱ። አንድ ወር ሙሉ የጓሮውን በር ዘግታ ከረመች።

በሩን ያስከፈታት አንድ ካሴት ነው። የክላርኔቱን ሳጥን ስታጸዳ ከጨርቁ ስር አገኘችው፤ በእሱ የተንጋደደ ጽሕፈት «ጓሮ፣ ጠዋት» ይላል። ወጥ ቤት ባለው አሮጌ ቴፕ ከተተችው። ክላርኔቱ ጀመረ፣ ቆመ፣ ዋኖሷ ገባች፣ ክላርኔቱ ቀጠለ። ሃያ ሰባት ደቂቃ። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ሰማችው። በማግስቱ ቴፑን የጓሮው ደፍ ላይ አወጣችው፤ በሦስተኛው ቀን የካሴቱ ዋኖስ ስትጮህ የዛፉ ዋኖስ መለሰችላት። ከዚያ ወዲያ የሳፋውን ውኃ ትቀይራለች፣ ከወፍጮ ቤት ጥራጊ እያመጣች ትበትናለች፣ ካሴቱን ትከፍታለች። እህቷ «ተጽናናሽ» ብትላት፣ «ማን ተጽናና አለሽ? ሥራ አለኝ» ብላ ጮኸችባት። እውነቱ ግን ያ ጠዋት ከእሱ የቀራት ብቸኛው ነገር ነበር፤ እሱን ይዛ ነው እህል መቅመስ የጀመረችው።

በስምንተኛው ወር የኦርኬስትራው አለቃ ደወሉ። የመታሰቢያ ምሽት ሊያዘጋጁ ነው፤ የነፋው ነገር ካለ አዳራሹ ውስጥ ለሰው ይሰማ ብለው ጠየቁ። «ለብቻው?» አለቻቸው። «ለብቻው» አሏት። ሞቶ ነው ተራው የደረሰው ብላ በሆዷ ተቃጠለች፤ ቢሆንም እምቢ ማለት አልሆነላትም። ካሴቱን ለልጇ ሰጠችው። ልጇ የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ የሬዲዮ ማስታወቂያ ያቀናብራል። «ቅዳው ብቻ» አለችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኼኔ ነው።

በሳምንቱ ፍላሽና ትንሽ ስፒከር ይዞ መጣ። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከፈተላት። ክላርኔቱ ኩልል ብሎ ወጣ፤ እውነት ለመናገር ያምራል። ዋኖሷ የምትገባበት ቦታ ሲደርስ ኦፕሬተሯ ጆሮዋን ቀና አደረገች። ዜማው ሳይቆም አለፈ።

«የታለች?»

«ማን?»

«ዋኖሷ!»

«አወጣኋት፣ እማዬ» አለ ልጁ። ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበረው። «ወፉ፣ ቧንቧው፣ ወንበሩ፣ ሁሉም ወጥቷል። አባዬ ብቻ ነው የቀረው።»

«የሚጠብቅበትስ?»

«ባዶ ቦታውን ነው? እሱን ቆረጥኩት። ሃያ ሰባት ደቂቃው አሥራ ሁለት ሆነ። አዳራሽ ውስጥ ዝም ካልሽ ሰው ማሳል ይጀምራል።»

ኦፕሬተሯ ተነሳች። «ወፎቹን ማን አውጣ አለህ? እኔ አልኩህ? አባትህ አለህ? ሃያ ስድስት ዓመት ዝም በል ያሉት አነሰና አንተ ደግሞ ዝም ያለበትን ትቆርጣለህ? ባዶ ነው? እሱ እኮ እያዳመጠ ነበር፤ አንተ ጆሮ ሸጠህ የምትበላ ሰው ይሄ ይጠፋሃል?»

«እማዬ፣ በሙያው እንዲህ ነው የሚሠራው...»

«ሙያህን ከነቆሻሻው! ካሴቴን አምጣ።»

ልጁ ጠረጴዛውን በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። ጥፋት ሲኖርበት እንዲህ እንደሚያደርግ እሷ ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቃለች።

«ካሴቱን ማጫወቻው በላው» አለ በመጨረሻ። «ክሩ አርጅቷል፣ በየቀኑ ስትሰሚው... ተበጣጠሰ። ኮምፒውተር ላይ የገለበጥኩትም የተስተካከለውን እዚያው ላዩ ላይ አስቀመጥኩና የድሮው ጠፋ። የሚያስፈልግሽ አልመሰለኝም።»

ኩል እኳላለሁ ብላ ዓይኗን ያጠፋችው ሴት ተረት ያኔ ለዚህ ልጅ የተተረተ መሰላት። እጇን ወደ በሩ ዘረጋች፤ ልጁ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ሦስት ቀን ስልኳን አላነሳችለትም። ስልክ ሲጠራ ተቀምጣ የምታይ ኦፕሬተር ማየት ለሚያውቋት ሁሉ ጉድ ነበር፤ እህቷ «ሕመም ካልሆነ ይሄ አይሆንም» ብላ እስከመምጣት ደርሳለች። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ትወጣለች፣ ጥራጊውን ትበትናለች፣ ወፎቹ ይመጣሉ። ዋኖሷ ጮኻ ስትጨርስ የሚቀጥል የለም። ይኸው ነው የጎደለው፤ ወፍማ ሞልቶ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ልጁ ኮምፒውተርና ትልቅ ማዳመጫ ይዞ የጓሮው በር ላይ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አልቆጣም ካልሽኝ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ቃል አልገባም። ተናገር።»

«ያወጣሁትን አልጣልኩትም። ወፉንና የቀረውን ለብቻው አስቀምጬው ነበር።»

«ለምን?»

ልጁ መሬት መሬት አየ። «የወፍ ድምፅ... ለማስታወቂያ ይፈለጋል። ለሳሙና፣ እንዲህ ለመሳሰለው።»

«የአባትህን ጓሮ ለሳሙና!» አለች። ጩኸቷን ጎረቤት ሰማው። «እግዜር ያሳይህ! አባትህ ለወፏ ተራ ሰጠ፣ አንተ ለሳሙና ልትሸጣት!»

«አልሸጥኩም፣ እማዬ። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት፤ በደንብ ሳልሰማው ነበር ያስቀመጥኩት። ክላርኔቱ ሲወጣ ከስር ያለው ድምፅ ሁሉ ከፍ ብሏል። አንድ ነገር አለ፤ አንቺ ራስሽ ስሚው።»

በቁጣዋ ውስጥ እንዳለች ወንበር ስባ ተቀመጠች። ማዳመጫውን ከልጇ እጅ ነጥቃ ራሷ ላይ ደፋች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያደረገችውን እጅ አይረሳውም።

መጀመሪያ ቧንቧው መጣ። ከዚያ ድንቢጦቹ፣ የወንበሩ ሲጢጥ ማለት፣ መሬቱን የሚመታ ጫማ። ክላርኔቱ የለም፤ እሱ የነበረበት ቦታ ላይ ትንፋሽ ብቻ አለ፤ ትንፋሹን አወቀችው። ዋኖሷ ገባች። ዋኖሷ ስትጨርስ ከወጥ ቤት በኩል የራሷ ድምፅ መጣ፣ ቆጣ ያለ፣ በአሥር ዓመት የሚያንሳት ድምፅ። «አንተ ሰውዬ! ሻዩ ቀዘቀዘ!» ይህን ታውቀዋለች፤ ከካሴቱም ላይ ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን በዚያ ሁሉ ጠዋት ሰምታው አታውቅም። ከንፈሩን ከክላርኔቱ ብዙም ሳያርቅ፣ ለራሱ ያህል ብቻ፣ ቀስ ብሎ፦

«መጣሁ።»

ኦፕሬተሯ ሁለት እጇን ማዳመጫው ላይ ጫነች። ጫማው መሬቱን መምታቱን ቀጠለ። ከወንበሩ የተነሳ ሰው የለም። እንደገና ጠራችው፤ «መጣሁ» አለ። ወፎቹ ተንጫጩ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠራችው፣ አሁን ከነስድቡ፤ «መጣሁ» አለ፣ ሳቅ እያፈነው። በአራተኛው «ተወው፣ ደፋሁት!» ስትል ተሰማች፤ እሱ ያኔም «መጣሁ፣ መጣሁ» አለ፤ ጫማው ግን ምቱን አላቋረጠም።

«ውሸታም!» አለች ኦፕሬተሯ ጮክ ብላ። ማዳመጫ የደፋ ሰው የራሱን ድምፅ መጠን አያውቅምና ድንቢጦቹ ከሳፋው ብር ብለው ተነሱ። «ውሸታም! መቼ መጥተህ ታውቃለህ!» እንባዋ በማዳመጫው ጠርዝ በኩል አንገቷ ውስጥ እየገባ ነበር፤ አልጠረገችውም።

ልጁ ፈራ ተባ እያለ ክንዷን ነካት። «እማዬ፣ ከክላርኔቱ ጋር መልሼ ልገጥመው እችላለሁ። ቆርጬ ያወጣኋቸውን ቦታዎችም ፈልጌ...»

«ክላርኔቱን ለአዳራሹ ስጣቸው፤ ይነፋ፣ ያጨብጭቡ፣ ዕዳቸው ነው» አለች ማዳመጫውን ሳታወልቅ። «ይኼኛው የእኔ ነው። እንዳትነካው። አንዲት ነገር እንዳታጠራብኝ።»

«እሺ። ልዝጋው?»

«ምኑን ትዘጋዋለህ! ድገመው» አለችው። «እስካሁን አልመጣም።»