ውኃው ሲጨምር

እንደ ፈረንጆቹ በ1985 ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከአትላንታ መኪና ነድቼ፣ ከሮዝዌል ከተማ ወደ ላይ ወንዙን ከገደበው ግድብ ሥር ዓሣ ሳጠምድ አንድ ሰው አገኝ ነበር። ስማቸውን ጠይቄአቸው አላውቅም። ሐበሻ መሆናቸውን ያወቅሁት ዓሣ ባመለጣቸው ቁጥር «እግዚኦ» ስለሚሉ ነው። ከአገር የወጡት ከሌሎች ጋር በሌሊት ወንዝ ተሻግረው እንደሆነ አንዴ ነግረውኛል። የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች የሚለብሱትን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰው፣ ወገባቸውን በገመድ ከዛፍ ጋር ሳያስሩ ውኃ አይነኩም። ዓይናቸው ከማጥመጃ ዘንጋቸው ይልቅ አንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፤ ድንጋዩ ከራሰ ወንዙ እየሞላ ነው።

ያኔ ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ መሃል ላይ መጠበቁን ትተው፣ ክሩ ላይ መንጠቆውን የሚያሰጥም ከበድ ያለ የእርሳስ ብረት አስረው ዳር ዳሩን ይወረውራሉ።

«ውኃ ሲበረታ ዓሣውም ጥግ ይፈልጋል» ይሉኛል። «አንተም ፈልግ፣ ልጄ።»

አንድ ቀን ውኃ ሊለቀቅ መሆኑን የሚያስጠነቅቀው የግድቡ ሳይረን ሲጮህ «አንዴ ብቻ መንጠቆዬን ልወርውር» ብዬ ቀረሁ። ጉልበቴ ላይ የነበረው ውኃ ወዲያው ወገቤን ያዘኝ፤ ከእግሬ ሥር ጠጠሩ ከዳኝ። ሰውየው ዘንጋቸውን ጥለው፣ ገመዳቸው እስኪወጠር ገብተው ክንዴን ጨበጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ገሠሠ! እጄን እንዳትለቅ! ገሠሠ!»

የእኔ ስም አክሊሉ ነው። ወጥተን ሣሩ ላይ ከወደቅን በኋላም ክንዴን አልለቀቁም።

«ወጥተናል እኮ፣ አባባ» አልኳቸው።

ወንዙን እያዩ «ሌሎቹስ?» አሉኝ።